እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

የደሴ ግምጃ ቤት በር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «ደኅና አደሩ?» ይላል። እኛም «ይመስገን» ብለን እንገባለን፣ ደኅና አደርንም አላደርንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚያ በር ዋሽቼዋለሁ። ጥርሴን ሲያመኝ አድሬ፣ እናቴን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን መጥቼ፣ «ይመስገን» ብዬ ገብቻለሁ። ሌላ ነገር ከመለሳችሁለት «መልስዎ አልተገኘም፤ እባክዎ በትክክል ያስገቡ» ይልና ዝግት ይላል። ታዲያ ማን ከበር ጋር ይነታረካል?

ኤልዳና እባላለሁ። ስሜን ሰምታችሁ የሃያ ዓመት ወጣት እንዳትጠብቁ፤ እኔ ስወለድ ፋሽን ነበር፣ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኗል። ሥራዬ ፈላጊነት ነው። ድሮ በፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጠው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ነበሩ ይባላል፤ እኛም የእነሱ ዘር ነን። ሰው የቸገረውን ይነግረናል፣ እኛ ግምጃ ቤቱ በሚገባው ቃል እንጽፍለታለን።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። የውኃ ቆጣሪው፣ ወፍጮው፣ የአውቶቡሱ ፍሬን፣ የሰው ልብ ላይ የሚገጠመው ማሽን፣ ሁሉም የሚሠራው ከዚያ በሚወርድ ፕሮግራም ነው፤ እኛ ጥቅል እንለዋለን። አሥራ አራት ሚሊዮን ጥቅል አለ። ሥሩ ቅድመ አያቶቻችን ሊኑክስ ይሉት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ! ፍለጋው ብቻ እንዳለ አለ። የጥቅሉን ስም በትክክል ያወቀ ያገኛል። ስሙን በትክክል የሚያውቅ ሰው ደግሞ እኔ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል?

እስቲ «ልብ» ብላችሁ ፈልጉ። ስድሳ አንድ ሺህ ውጤት ይዘረገፋል፣ በፊደል ተራ። የልብስ ማጠቢያው፣ ልብ ወለዱ፣ ክልብልብ የሚባለው የልጆች ጨዋታ፣ ሁሉም ውስጥ «ልብ» የሚል አለና ሁሉም ይመጣል። በሽተኛው የሚፈልጋት ጥቅል አርባ ሺህኛው ላይ ተሸጉጣለች። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው ሠሪው ከሞተ ሃያ ዓመት እንደሆነው አይነግራችሁም። በሠሪው ስም ልፈልግ ብትሉ አይቻልም። መግለጫውን ላንብብ ካላችሁ ደግሞ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የተጻፈው «መግለጫ፦ የጥቅሉ መግለጫ» ነው። ይህን የጻፈ ሰው እጁ ይሰበር እላለሁ፣ በየቀኑ።

ከሁሉም የከፋው ግን ፊደሉ ነው። ለግምጃ ቤቱ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ አይዛመዱም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ተያይተው አያውቁም። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠማ ባላንጣ ናቸው። ሕዝባችን ደግሞ እንዳመጣለት ነው የሚጽፈው። እንጀራዬ ከዚህ ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ጠንቅቆ ቢጽፍ ኖሮ ሥራ ፈት ነበርኩ። ቢሆንም «ሠላም» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰላም በእሳቱ ሰ ነው! ስንቴ ይነገር?

የዚያን ቀን ነገር የምነግራችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር፣ የጠረጋ ቀን። አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠራው ጥቅል በዚያ ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠርጎ ይጠፋል። ስለዚህ በጠረጋ ቀን ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። እኔ ከቤት የወጣሁት ቁርስ ሳልበላ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ጋ ደረሱ። አንዋር ይባላሉ፤ መኪና በሰው እጅ ይነዳ በነበረበት ዘመን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ።

«ባለቤቴ ናት ያመጣችኝ» አሉ፣ በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ እያሳዩኝ። አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ያሠሩ አሮጊት ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው የድንጋይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ሐያት ትባላለች።»

«ታዲያ ለምን አይገቡም? ብርድ ነው'ኮ።»

«በሩን ጠልታ ነው፣ ልጄ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ሐያት ከአሥር ዓመት በፊት ጉሮሯቸውን በቀዶ ሕክምና አጥተዋል። ከዚያ በፊት ድምፃቸው ተቀርጾ አንገታቸው ላይ በሚታሠር ቀለበት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቀለበቱ በገዛ ድምፃቸው ይናገርላቸዋል። ከአምስት ሳምንት በፊት አሮጌው ቀለበት ተቃጠለ። አዲስ ተሰጣቸው፣ ግን አዲሱ ባዶ ነው። ድምፃቸው ከግምጃ ቤት መውረድ አለበት፤ የጥቅሉ ስም ደግሞ ተጽፎ የነበረው በተቃጠለው ቀለበት ውስጥ ነው። ባዶ ቀለበት ደግሞ የሚናገረው በነባሪው ድምፅ ነው።

ነባሪው ድምፅ አንዲት ወጣት ሴት ናት። ማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ጥቅል የሌለው ነገር ሁሉ በእሷ ይናገራል፤ በሩም፣ ቆጣሪውም፣ አውቶቡሱም። ከተማው «ሁሉአገርሽ» ይላታል። ሸዋ በር ሰፈር አንድ ቤት ገብቼ ምድጃውና አያትየው በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ማን ማን እንደሆነ የገባኝ ምድጃው ሲጠፋ ነው።

«መጀመሪያ ቀን 'አንዋር፣ ውኃ አቀብለኝ' አለችኝ በዚያች ልጅ ድምፅ» አሉ ጋሼ አንዋር። «እኔ ጅሉ ቆጣሪው መስሎኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ 'የውኃ ቆጣሪ ሆኜ አልናገርም' ብላ ጻፈችልኝና እስክሪብቶውንም ወረወረችው። አምስት ሳምንት ይኸው ዝም። አርባ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ጆሮዬ አርፎ አያውቅም፤ አሁን አርፎልኝ ልሞት ነው።» ለመሣቅ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «ዛሬ ካልተገኘ ይጠረጋል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

ለአንድ ዜጋ በቀን የሚፈቀደው አርባ ፍለጋ ነው። በሌላ ሰው ቁጥር መፈለግ አይቻልም፤ በእኔ ቁጥር ልሞክርላቸው ብል ከሥራ እባረራለሁ። የእማማ ሐያትን ቁጥር አስገባሁና ጀመርኩ።

«ሐያት በየትኛው ሐ ነው?»

«እንዴ፣ በአንደኛው ነዋ» አሉኝ።

ሐያት፣ ሀያት፣ ሃያት፣ ኀያት፣ ሓያት። ከእያንዳንዱ ኋላ «ድምፅ» ጨመርኩ፤ አልሆነም። ጸሐፊው «ድምጽ» ብሎ እንደሆነ ብዬ ሁሉንም ደገምኩ። አሥር ፍለጋ አለቀ። የተገኘው ሁለት ነው፦ አንዱ የጅማ ሴት፣ ሁለተኛው የዶሮ ጩኸት። ጋሼ አንዋር ዶሮውን ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማን ነበር የቀረጻቸው?»

ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ክሊኒኩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ወረቀቱ ቴክኒሽያኑ በእጁ የጻፈው የቀለበት አጠባበቅ ምክር ነው። ዐይኔ ቀድሞ ያረፈው ከታች ነበር፦ «ሠላም ለቤቱ ሠው ሁሉ። ዳግም።»

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋሁትና ክርኔን ጫንኩበት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ከክርኔ ሥር ዋለ።

ዳግምን ግን በጥቅሎቹ አውቀዋለሁ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚህ መስኮት የእሱን ሥራ አራት ጊዜ ያህል አግኝቼ ነበር፤ ስማቸው «እሺ-ጀምር»፣ «ይሰማል-እንዴ»፣ «ውይ-በራ» ዓይነት ነው። ስም ማውጣት ይታክተዋል መሰለኝ፣ ቀረጻው ሲጀምር በሽተኛው መጀመሪያ ያለውን ቃል የጥቅሉ ስም ያደርገዋል። እኔን ለመሰለ ሰው መርዝ ነው ይህ።

«ጋሼ፣ እማማ ሲቀረጹ መጀመሪያ ምን አሉ?»

«ቢስሚላህ ነዋ!» አሉ ወዲያው። «ሐያት ያለ ቢስሚላህ አፏን ከፍታ ታውቃለች?»

«ክፍሉ ውስጥ ነበሩ?»

«ውጭ ነው የጠበቅኳት። ቢሆንስ? ሚስቴን አላውቃትም?»

እርግጠኛ ሰው ፊት ፈላጊም ይታለላል። ቢስሚላህ፣ ብስሚላህ፣ ቢስሚላሕ፣ ብስሚላሕ፣ ቢሥሚላህ... አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። የጸሎት ማስታወሻ፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የሠርግ ዘፈን አመጣልኝ። የእማማ ሐያት ድምፅ የለም። ከዚያ ልጆቻቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ የእናታቸውን ስም፣ ያሳደጓትን ላም ሳይቀር ሞከርን። በየመካከሉ ለወረፋው እሠራለሁ፤ ጋሼ አንዋር ጎኔ ቆመው እያሰቡ አዲስ ቃል ያመጡልኛል። ምሳ ሰዓት ሳልነሣ አለፈ። ሆዴ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ሠላሳ ስድስተኛው ፍለጋ ላይ «ምንም አልተገኘም። ስሙን በትክክል ያስገቡ» ሲለኝ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። አራት ቀርቶኛል። ጋሼ አንዋር ቃል አልቆባቸው መስታወቱን ተደግፈዋል። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰለቸኝ። በእሳቸው አይደለም የሰለቸኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለውን ነገር «የለም» ሲሉኝ መኖር ሰለቸኝ። ጥቅሉ እዚያ አለ'ኮ! ተኝቶ እየጠበቀ ነው፣ የምንጠራበት አፍ ነው የጠፋው።

ተስፋ ቆርጬ፣ ቢያንስ ፊት ለፊት ልንገራቸው ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። እማማ ሐያት ጠዋት እንዳየኋቸው ናቸው፣ ቅንጣት አልተንቀሳቀሱም። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አልሆነልኝም» አልኳቸው። «የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ዞር ብለው ፊቴን አዩ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ቀለበት በራ፣ ሁሉአገርሽም በዚያች በማትሞቅ በማትበርድ ድምፅዋ፦

«ልጄ፣ እህል ቀምሰሻል?» አለችኝ።

«ቀምሻለሁ፣ ይመስገን» አልኩ። ልማድ ነው፤ ለዚያ ድምፅ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

«አልሐምዱሊላህ!» ጋሼ አንዋር ከኋላችን ጮኹ። ተከትለውኝ ወጥተው ነበር። «ተናገረች! ለእኔ አምስት ሳምንት ዝም ብላ፣ ለሰው ሲሆን እህል! ልጄ፣ ይቺ ሴት'ኮ ሌባ ቢገባባት መጀመሪያ የምትጠይቀው እህል ቀምሶ እንደሁ ነው።» እየሣቁ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ።

እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

«እማማ! ያን ጊዜ፣ ዳግም ሲቀርጽዎት፣ መጀመሪያ ያሉት ምንድን ነው?»

«ይኸንኑ ነዋ» አለች ሁሉአገርሽ። «አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው፣ ሚስኪን። 'የተጻፈውን ያንብቡልኝ' ቢለኝ፣ 'እህል ቀምሰሃል?' ብዬ ያዝኩት። ቋጥሬ የመጣሁትን ዳቦ አብልቼው ነው ያነበብኩለት።»

«ቢስሚላህስ?» አሉ ጋሼ አንዋር፣ ክፉኛ ደንግጠው።

«በልቤ ብያለሁ።»

ቀኑን ሙሉ አሥራ አራት ሚሊዮን ጥቅል ሳምስ እሷኑ ሴትዮዋን የጠየቃት የለም። ባልየው ያውቅላታል ብዬ፣ እሱም አውቃታለሁ ብሎ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በራሴ አፈርኩ።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። በሩ ጥድፊያ አያውቅም፤ «ደኅና ዋሉ?» ብሎ አቆመኝ። «ይመስገን! ይመስገን! ክፈት!» ብለው ጊዜ «መልስዎ አልተገኘም» አለ። ትንፋሼን ሰብስቤ «ይመስገን» አልኩ፤ ከፈተ። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይጎድለዋል።

በጥድፊያ ጆሮዬ የሰማውን ጻፍኩ፦ እህል-ቀምሰሻል። ምንም አልተገኘም።

እናት አገሬ! ዳግም ወንድ ነው'ኮ። ግምጃ ቤቱ «ሻል»ን እና «ሃል»ን አያዛምድም፣ አንዲት ፊደል ከለወጣችሁ ሌላ ዓለም ነው። ሦስት ቀረኝ። እህል-ቀምሰሃል። ምንም አልተገኘም። ፊደል ጠንቃቂዎች «እኽል» ይላሉ፤ በእሱ ሞከርኩ። ምንም አልተገኘም።

አንድ ብቻ ቀረ። እጄን ከሰሌዳው አነሣሁ። ህ፣ ሕ፣ ኅ፤ ሰ፣ ሠ፤ ሃ፣ ሀ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኻ። እያባዛሁ ቆጠርኩና ሠላሳ ስደርስ ተውኩት። ከሠላሳው አንዱ ነው፣ ያለኝም አንድ ነው። ጋሼ አንዋር መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን ገጥመው ያዩኛል። አሁን ማሰብ አይችልም ጭንቅላቴ፤ እጄን ለመደገፍ ክርኔን ሳስቀምጥ ወረቀቱ ተንሻተተ።

አነሣሁት። ጠዋት በንዴት የገፋሁትን ወረቀት አሁን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦

«ቀለበቱን ውሀ አታሥነኩ። ህመም ከተሠማዎ ሀኪም ጋ ይምጡ። ሠላም ለቤቱ ሠው ሁሉ። ዳግም።»

ይህ ሰው በሕይወቱ እሳቱ ሰን ጽፎ አያውቅም። አታሥነኩ! ከተሠማዎ! ሠው! ሁሉን በንጉሡ ሠ ነው የሚያስኬደው። ሀ ከሆነ ደግሞ ሃሌታው ሀ ብቻ፣ ያውም ግዕዙን፦ ውሀ፣ ሀኪም። ሳድሱም ያው ነው፦ ህመም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰድበው የኖርኩት ስሕተት ይኸው ቁልፍ ሆኖ መጣ። በሕይወቴ ጽፌው የማላውቀውን ጻፍኩ፦

እህል-ቀምሠሀል።

ግምጃ ቤቱ ትንሽ ቆየ። ሁልጊዜ ትንሽ ይቆያል።

«1 ጥቅል ተገኝቷል። መግለጫ፦ የጥቅሉ መግለጫ። የመጨረሻ ጥሪ፦ የለም። ወደ ቀለበት ይውረድ?»

ይውረድ አልኩት። አሥራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ወርዶ አለቀ። ከዚያ «ፍለጋው ረድቶዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ ወይም አይ በል ነው። አይ አልኩት። አመሰገነኝ።

ጋሼ አንዋር አልጠበቁኝም፤ ዕድሜያቸውን ረስተው ወጥተው ሮጡ። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ወረፋው ተበትኗል፤ የጠረጋው ደወል ሊደወል ነው። ጥቅላቸውን ያላገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የዚያን ቀን አርባ ሰባት ነበሩ። የእነሱን አልነግራችሁም።

በሩ «ደኅና ዋሉ?» ሲል ሰማሁ።

«ደኅናማ አልዋልኩም!» የሚል ድምፅ መለሰለት። ሻካራ ነው፣ በየመካከሉ ስብር ይላል፣ ጫፉ ላይ ሣቅ ያለበት የወሎ ሴት ድምፅ ነው። «ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ምን ደኅንነት አለኝ? አንቺስ ምን አገባሽ?»

«መልስዎ አልተገኘም» አለ በሩ። «እባክዎ በትክክል ያስገቡ።»

«በትክክል ነው ያልኩሽ!»

በሩ አልከፈተም። በመስታወቱ ወዲያ ጋሼ አንዋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሚስታቸው ከበር ጋር ስትጣላ ይሰማሉ። ሄጄ ከውስጥ ከፈትኩላቸው። እማማ ሐያት ደፉ ላይ ቆመው ትከሻዬን ያዙና ፊቴን እንደ ቅድሙ አዩት።

«ልጄ» አሉኝ፣ በገዛ ድምፃቸው። «እህል ቀምሰሻል?»

«ይመስገን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

«አልቀመስኩም፣ እማማ» አልኳቸው። «ከትናንት ጀምሮ አልቀመስኩም።»